ሪጅናል ላይ መቆየት፣ ፍሎው መጠበቅ ወይስ ቀድሞ መውጣት? በአሜሪካ ለሚበሩ ረዳት አብራሪዎች የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካ ሪጅናል አየር መንገድ (በትንንሽ ጀቶች ለትልልቆቹ አየር መንገዶች የሚበር ኩባንያ) የሚሠራ አብራሪ የት ከተማ እንደሚመደብ፣ በዓልን ከቤተሰቡ ጋር ያሳልፍ እንደሆነ፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆንና ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚቀነስ የሚወስነው የሲኒየሪቲ ቁጥሩ ነው። ሲኒየሪቲ ወረፋ ነው። ከተቀጠሩበት ቀን ይጀምራል፤ ኩባንያ ሲቀይሩ አብሮ አይሄድም። ሃያ ዓመት በካፒቴንነት ያበረረ ሰው እንኳ ሌላ አየር መንገድ ሲገባ ከወረፋው ጭራ ይሰለፋል። ሦስቱን አማራጮች፣ ማለትም ሪጅናሉ ላይ መቆየትን፣ ፍሎውን (ወረፋ ሲደርስ ያለ ቃለ መጠይቅ ወደ ትልቁ አየር መንገድ መሸጋገርን) መጠበቅንና ቀድሞ መውጣትን፣ የምናመዛዝነው በዚህ ነው፤ የሰዓት ክፍያ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አብሮ መያዝ ያለበት ነገር አለ። አንድ አብራሪ ወደፊት የሚራመደው ከፊቱ ያለው ሲለቅ ነው። ኩባንያውን እንቅልፍ የሚነሳው ፍልሰት ለታችኛው አብራሪ ዕድገቱ ነው፤ ፍልሰቱ ሲደርቅ ሁሉም ባለበት ይቆማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ እንዴት ተደረሰ

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 በቡፋሎ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ኮንግረስ በ2010 ባወጣው ሕግ መሠረት ከኦገስት 2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም የኤቲፒ (ከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪነት) ፈቃድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ይህም በመደበኛው 1,500 ሰዓት ማለት ነው። የተፈቀደለት ኮሌጅ የአቪዬሽን ባችለር ዲግሪ ያለው በ1,000፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው በ1,250፣ ከወታደር የመጣ በ750 ሰዓት መግባት ይችላል። ቀድሞ በ250 ሰዓት ገደማ ይገባበት የነበረው በር ጠበበ።

በ2020 ትልልቆቹ አየር መንገዶች በሺህ የሚቆጠሩ አብራሪዎችን ያለ ዕድሜያቸው ጡረታ አስወጡ። ገበያው ሲመለስ ጉድለቱን የሞሉት ከሪጅናሎቹ በወሰዱት ሰው ነበር። በማርች 2022 ሪጅናሉ ስካይዌስት በመንግሥት ድጎማ ከሚያገለግላቸው ትንንሽ ከተሞች 29ኙን ለመልቀቅ ማስታወቂያ ሰጠ። በዚያው ዓመት አሜሪካን አየር መንገድ (ከዚህ በኋላ «አሜሪካን») ከቶሌዶ፣ ከኢታካና ከአይስሊፕ ወጣ። የአውሮፕላን እጥረት አልነበረም፤ የቆሙ ጀቶች ሞልተው ነበር፣ የጎደለው ካፒቴን ነው። በጁን 2022 የአሜሪካን ቅርንጫፎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር ሲያደርሱት በወር 75 ሰዓት ዋስትና ላይ ከግብር በፊት 6,750 ዶላር ማለት ነበር፤ ከዚያ በፊት በሪጅናል ታሪክ ያልታየ ደመወዝ ነው።

በ2024 ነገሩ ተገለበጠ። ሳውዝዌስት ቅጥር አቆመ፣ የቦይንግ አውሮፕላኖች መዘግየት የሌሎቹን ዕቅድ አሳጠረ። በ2022 ሁለት ዓመት ይበቃኛል ብሎ የገባ ሰው ወረፋው መሃል ላይ ቆሞ ቀረ።

ፍልሰቱን በትክክል መቁጠር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «በወር 40 ሰው ይለቃል» የሚለው ዜና ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ዋናው ጥያቄ ከላያችሁ ስንቱ፣ ከበታቻችሁስ ስንቱ ለቀቀ የሚለው ነው። የሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ፈተና የወደቀ ወይም በሦስተኛ ወሩ የሄደ ጀማሪ እናንተን አንዲት ደረጃ እንኳ አያራምድም።

ለምሳሌ 2,000 አብራሪ ያለው ኩባንያ ውስጥ ቁጥራችሁ 1,800 ነው እንበል። የመጨረሻው ካፒቴን ያለው ቁጥር 1,000 ላይ ነው። ወደዚያ ለመድረስ 800 ሰው ከፊታችሁ መሄድ አለበት። በወር ከሚለቁት 40 ሰዎች 30ዎቹ ከላያችሁ ከሆኑ 27 ወር ገደማ ይፈጃል። ያው ቁጥር ወደ 8 ቢወርድ 100 ወር ነው፤ ከስምንት ዓመት በላይ። ኩባንያው፣ ደመወዙ፣ አውሮፕላኑ ሳይቀየር ሕይወታችሁ ይቀየራል።

ስለዚህ በየወሩ የሚወጣውን የሲኒየሪቲ ሊስት ፋይል አስቀምጡ። የስድስት ወሩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከቁጥራችሁ በላይ የጠፉትን ስሞች ቁጠሩ። ከእነሱ ውስጥ 65 ሞልቷቸው የወጡትን ለዩ፤ እነዚህ ገበያው ቢቀዘቅዝም መውጣታቸው አይቀርም። ጡረታውን ወደ 67 ለማሳደግ የቀረበው ሐሳብ በሜይ 2024 በወጣው የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ሕግ ውስጥ አልገባም፤ እንደገና ከተነሳና ካለፈ ግን የላይኛው ወረፋ ሁለት ዓመት ይቆማል፣ ስሌታችሁንም እንደገና መሥራት ይኖርባችኋል።

ባለቤት ያለው ሪጅናል እና ራሱን የቻለ ሪጅናል

ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት የአሜሪካን ንብረት ናቸው፤ ኢንዴቨር የዴልታ፣ ሆራይዘን የአላስካ ግሩፕ። ስካይዌስትና ሪፐብሊክ የራሳቸው ኩባንያ ናቸው፣ ለትልልቆቹ በኮንትራት ይበራሉ። በኮንትራቱ ነዳጁንና የቲኬቱን ሽያጭ የሚሸከመው ትልቁ አየር መንገድ ነው፤ ሪጅናሉ ለበረረው በረራ ይከፈለዋል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ግን ሥራውም ያልቃል።

የሦስቱ የአሜሪካን ቅርንጫፎች ትልቁ መስህብ ፍሎው ነው። ቃለ መጠይቅ ሳይኖር፣ ወረፋችሁ ሲደርስ ወደ አሜሪካን ትሸጋገራላችሁ። በደካማ ሎግቡክ (የበረራ ሰዓት መዝገብ) ወይም በአንድ የወደቀ ቼክራይድ (የበረራ ፈተና) ምክንያት በራሱ አመልክቶ የመጠራት ዕድሉ ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው፣ ለእሱ ፍሎው ያለውን መምረጡ ትክክል ነው። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። አንደኛ፣ አሜሪካን ሳይቀጥር ፍሎው የለም፤ በ2020 እንደታየው ቧንቧው ከላይ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካን ሲኒየሪቲያችሁ የሚቆጠረው እዚያ የአዲስ ተቀጣሪዎች ሥልጠና ክፍል ከገባችሁበት ቀን ነው፤ ፍሎው ስትጠብቁ ያለፈው ዓመት እዚያ አይደመርም። ከጎናችሁ ተቀምጦ ያመለከተና ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ባልደረባ ሙሉ ዘመኑን ከፊታችሁ ይሆናል። ስለዚህ ፍሎው ያለበት ቤት መግባትና ለዴልታ፣ ለዩናይትድ፣ ለአሜሪካንም ጭምር በቀጥታ ማመልከት አይጋጩም። ፍሎው አለኝ ብሎ ማመልከቻውን ሳያድስ የሚቀመጥ አብራሪ ጊዜውን ያባክናል።

ራሱን የቻለው ሪጅናል ጥንካሬው የደንበኞቹ ብዛት ነው። ስካይዌስት ለዩናይትድ፣ ለዴልታ፣ ለአሜሪካንና ለአላስካ ይበራል፤ አንዱ ቢቀንስ አውሮፕላኑ ወደ ሌላው ይዞራል። በሌላ በኩል አብራሪዎቹን የሚወክላቸው የውስጥ ማኅበር እንጂ አልፓ (ትልቁ የአብራሪዎች ሠራተኛ ማኅበር) አይደለም፤ የተፈረመ የሠራተኛ ማኅበር ውል ጥበቃ ለሚፈልግ ይህ ቁም ነገር ነው። አንድ ደንበኛ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ምን እንደሚገጥመው ለማየት ኤክስፕረስጄትን ማስታወስ ይበቃል። በ2020 የዩናይትድ ኮንትራቱን አጣ፣ በራሱ ስም ለመብረር ሞከረ፣ በኦገስት 2022 ተዘጋ። ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ በኤፕሪል 2020 ነው የጠፉት። በእነዚህ ቤቶች የነበረ ሁሉ፣ አንጋፋውም ጀማሪውም፣ ሌላ ቦታ ከዜሮ ጀመረ። ሜሳ ከአሜሪካን ጋር በ2022 መጨረሻ መለያየቱን አስታወቀ፣ ተሸርሽሮ ተሸርሽሮ በ2025 ከሪፐብሊክ ጋር ተዋሐደ።

ሁለት ሪጅናሎች እኩል ሆነው ከታዩአችሁ ቤዙ (በረራችሁን የምትጀምሩበት ጣቢያ) ያለበት ከተማ ይወስን። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ፒኤስኤና ሪፐብሊክ ሬገን አየር ማረፊያ ላይ፣ ሌላው ሪጅናል ኮሙትኤር ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ቤዝ አላቸው። ኤንቮይ ዳላስ፣ ኢንዴቨር ሚኒያፖሊስና አትላንታ፣ ስካይዌስት ዴንቨር አለው። ሐበሻ የበዛባቸው ከተሞችና የሪጅናል ቤዞች መግጠማቸው ዕድል ነው፣ ልትጠቀሙበት ይገባል። ግን ቤዝ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቤት ለመግዛት ብቸኛ ምክንያት አይሁን።

የምታበሩት አውሮፕላን ወራሽ አለው?

ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከአብራሪዎቻቸው ጋር የተፈራረሙት ስኮፕ የሚባል አንቀጽ ሪጅናሎች የሚያበሩትን ጀት ይገድባል፦ በአመዛኙ ከ76 ወንበርና ከ86,000 ፓውንድ የመነሻ ክብደት አይበልጥም። ኢ175 (የኢምብራየር ጀት) በዚህ ልክ ይገባል፣ እስከ ዛሬም ይመረታል። የሱ ተተኪ ኢ175-ኢ2 ይህን ክብደት ስለሚያልፍ አሜሪካ ውስጥ ገዢ አላገኘም። የሚትሱቢሺ ስፔስጄትም በ2023 ተሰረዘ። የሲአርጄ (የቦምባርዲየር ጀት) የመጨረሻው አውሮፕላን የተረከበው በ2021 መጀመሪያ ነው። ባለ 50 ወንበሮቹ ሲአርጄ-200ና ኢአርጄ-145 አዲስ አይመጣላቸውም፤ በየዓመቱ ጥገናቸው ይወደዳል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ቀላል ነው። ሪጅናል ላይ ለዘለቄታው መኖር የሚያስብ ሰው ኢ175 በብዛት ያለውን ይምረጥ። ለሁለት ዓመት ሰዓት ለመሙላት ብቻ የሚገባ ግን የ145 ወይም የ200 ቤት ፈጣን ወረፋ ካለው እዚያ መግባቱ አይጎዳውም፣ የሚቆጠረው ሰዓት ያው ነው።

አፕግሬድ መቀበል ወይስ ማሳለፍ

አፕግሬድ ከረዳትነት ወደ ካፒቴንነት ማደግ ነው፤ ይህ የሪጅናል ሕይወት ከባዱ ውሳኔ ነው።

ካፒቴን ለመሆን በክፍል 121 (መደበኛ አየር መንገዶች የሚበሩበት የአሜሪካ ደንብ) ሥር በረዳትነት የተበረረ 1,000 ሰዓት ያስፈልጋል። መደበኛ ፕሮግራም ያለው ረዳት አብራሪ በወር 80 ሰዓት ቢበር በ13 ወር ይሞላዋል። ተጠባባቂ ሆኖ በወር 35 ሰዓት የሚበር ግን 29 ወር ያስፈልገዋል። በ2023 ብዙዎች የተጣበቁት እዚህ ነው። ካፒቴን ሲጎድል በረራ ይሰረዛል፤ በረራ ሲሰረዝ ረዳቱ ቤቱ ይቀመጣል፤ ቤቱ ሲቀመጥ ሰዓቱ አይሞላም፣ ሰዓቱ ካልሞላ ደግሞ ካፒቴን አይሆንም፤ ጉድለቱም ይቀጥላል። ቀለበቱን ለመስበር ኩባንያዎች ከውጭ ካፒቴን በቀጥታ መቅጠርና 1,000 የሞላውን ወደደም ጠላ ወደ ካፒቴኑ የግራ ወንበር ማዛወር ጀመሩ። ውላችሁ አስገዳጅ አፕግሬድ የሚፈቅድ መሆን አለመሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት እወቁ።

አፕግሬድ ሲመጣ የክፍያው ልዩነት ዓይን ይማርካል፤ የሚታጣው ግን የሚታየው ከገቡበት በኋላ ነው። ሲኒየር ረዳት የነበረው ሰው በአንድ ቀን የካፒቴኖች ጭራ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ይጠፋል፣ ተጠባባቂነት ይመለሳል። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ቤዙ ቺካጎ የሆነ ጁኒየር ካፒቴንን እንመልከት። ጥሪው ሌሊት 10 ሰዓት ቢጀምርና ከተጠራ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ መገኘት ካለበት ከቤቱ ተነሥቶ አይደርስም፤ በዋዜማው ምሽት ቺካጎ ገብቶ ማደር አለበት። የተጠባባቂነቱ ምድብ በወር አራት ጊዜ ከሆነ አራት የዕረፍት ምሽቶች በመንገድ ያልቃሉ፣ የጋራ ማደሪያ ኪራይም አለ። ወደዚያ የሚያደርሰው አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ያለው ትርፍ ወንበር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ካቢኑ ሞልቶ ሌላ አብራሪ ከቀደመው ወንበር ላይኖር ይችላል። ውሉ ብዙ ጊዜ ሁለት ተከታታይ በረራ ሞክሮ የቀረን ሰው ይምራል፤ አንድ ብቻ የሞከረን ግን አይምርም።

ታዲያ ማን ይቀበል? ቤዙ በሚኖርበት ከተማ ያለ ሰው ሳያመነታ ይቀበል። ከሩቅ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ጁኒየር ካፒቴኑ መደበኛ ፕሮግራም እስኪያገኝ ስንት ወር እንደሚጠብቅ ይጠይቅ፤ መልሱ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ መታገሡ ያዋጣል። ትልልቆቹ በብዛት ሲቀጥሩ የካፒቴን ሰዓት ብዙም አይጠይቁም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝና አመልካች ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚጠራው የጀት ካፒቴንነት ሰዓት ያለው ነው። በቀዘቀዘ ገበያ አፕግሬድን ማሳለፍ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ሳይዘጋጁ መግባት ደግሞ ከማሳለፍ ይብሳል። የካፒቴን ቼክራይድ ላይ መውደቅ የኤፍኤኤ የአብራሪዎች መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ አየር መንገድ ሁሉ ከመቅጠሩ በፊት ያንን መዝገብ የማየት ግዴታ አለበት። ሰዎች የሚወድቁት አውሮፕላኑን ማብረር ስለሚያቅታቸው አይደለም። ብልሽት ሲመጣ ራሳቸው አውሮፕላኑንም ቼክሊስቱንም ሬዲዮውንም ይዘው ሥራውን ለረዳቱ ሳያካፍሉ ስለሚቀሩ ነው። ከሲሙሌተሩ ሦስት ወር በፊት ጀምሮ በረዳት ወንበር ላይ እያላችሁ የካፒቴኑን ውሳኔ በልባችሁ ቀድማችሁ ወስኑ፦ ነዳጁን፣ ተለዋጭ ማረፊያውን፣ የተበላሸውን ዕቃ ዝርዝር።

ቀድሞ መውጣት፦ ወዴት?

ከትልልቆቹ አንዱ ከጠራ ውይይት የለም፤ ክፍል የሚጀምርበት የመጀመሪያው ቀን ይያዝ። «ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱ» ብሎ አራት ወር ማዘግየት በመቶ የሚቆጠር ሰው ከፊት እንዲሰለፍ ያደርጋል።

ርካሽ ዋጋ አየር መንገዶች ላይ ግን እንጠንቀቅ። በ2022 ከሪጅናል ወጥቶ ኤርባስ ላይ መግባት መሰላል መውጣት ይመስል ነበር። ስፒሪት በኖቬምበር 2024 እና እንደገና በኦገስት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች ያለ ደመወዝ ወደ ቤት ተላኩ። መጀመሪያ የሄዱት በመጨረሻ የገቡት ናቸው፣ ከእነሱም መካከል ሪጅናሉን ለቅቀው የሄዱት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ካፒቴንነት ያላችሁ፣ ቤታችሁ ቤዝ ላይ ያለ ከሆነ፣ ሒሳቡ ከሚያጠራጥር ኩባንያ ይልቅ ሪጅናሉ ላይ ሆናችሁ ትልቁን መጠበቅ ይሻላል።

የጭነት አየር መንገድም እንደ ድሮው አስተማማኝ አይደለም። በ2023 ፌዴክስ ትርፍ አብራሪ በዝቶበት ሰዎቹ ፒኤስኤ እንዲያመለክቱ እስከ መጠቆም ደርሷል፤ አቅጣጫው ለጊዜው ተገልብጦ ነበር።

ዕድሜው የገፋ አብራሪ የራሱ ስሌት አለው። የትልልቆቹ የክፍያ እርከን ጣሪያው 12ኛ ዓመት ላይ ነው። በ40 የገባ በ52 ጣሪያውን ይነካል፤ በ56 የገባ ግን ጣሪያውን ሳያይ 65 ይሞላዋል፣ ከመጨረሻ ዓመታቱም ብዙውን በተጠባባቂነት ሊያሳልፍ ይችላል። በ56 ዓመቱ የራሱን ፕሮግራም የሚመርጥ የሪጅናል ካፒቴን ባለበት ቢቆይ ሞኝ አይደለም። ሌላው መንገድ እንደ ኔትጄትስ ያሉ የግል ጀት ድርጅቶች ናቸው፦ የ65 ገደብ እዚያ አይሠራም፣ በ2022 መጨረሻ የወጣ ሕግ ለትልልቆቹ 70 ላይ ወስኗል።

ቦነስ ስትፈርሙ

የማቆያ ወይም የመግቢያ ቦነስ ስጦታ አይደለም፣ ዕዳ ነው። 50,000 ዶላር ሲከፈላችሁ 22 በመቶ ለፌዴራል ግብር 11,000፣ 7.65 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 3,825 ይቆረጣል። የስቴት ግብር ሳይነካው እጃችሁ የሚገባው 35,175 ነው። ብዙ ውሎች ግን ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ 50,000ውን ሙሉ እንድትመልሱ ይጠይቃሉ። በዚያው ዓመት ካልመለሳችሁ ግብሩን ማስመለስ የቀጣዩ ዓመት የግብር ሥራ ይሆናል፣ አዋቂ ይዞ መሠራት አለበት። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆያል? ፍሎው ቢደርሳችሁ ይሠረዛል? ሁለቱ መልሶች በጽሑፍ ካልተሰጡ አትፈርሙ። ገንዘቡንም ግዴታው እስኪያልቅ ሳትነኩ ባንክ አስቀምጡት፤ ትልቁ አየር መንገድ ሲጠራችሁ በዕዳ ምክንያት እንዳትቀሩ።

ከኢትዮጵያ ሰዓትና ፈቃድ ይዞ ለመጣ

በአዲስ አበባ በዳሽ 8-400 ወይም በ737 ላይ የተበረረው ሰዓት ለኤቲፒው 1,500 ይቆጠራል። ለካፒቴንነት ለሚጠየቀው የክፍል 121 ሺህ ሰዓት ግን አይቆጠርም፤ እዚህ በአሜሪካ አየር መንገድ መበረር አለበት። 5,000 ሰዓት ያለው ሰው ይህን ሳያውቅ «ቀጥታ ካፒቴን» የሚል ማስታወቂያ ላይ ጊዜውን ያጠፋል። ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ የአቪዬሽን ዲግሪም 1,500ውን ወደ 1,000 አያወርድም።

ከኤቲፒ ፈተና በፊት የሚወሰደው ኤቲፒ-ሲቲፒ ኮርስ 30 ሰዓት ክፍል እና 10 ሰዓት ሲሙሌተር ነው፤ ብዙ ሪጅናሎች ለቀጠሩት ሰው ይከፍሉለታል፣ ስለዚህ ከኪሳችሁ ቀድማችሁ አትክፈሉ።

ማመልከቻ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው በስም ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሲሆን፣ ኤፍኤኤ ፈቃድ ላይ የአባት ስም፣ የድሮው ሎግቡክ ላይ ደግሞ ሌላ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይገኛል። ተመልማዩን የሚያጣራው ሰው ሦስት ሰው ያያል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን፤ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ አስተካክሉ፣ የማይስተካከለውን በአንድ ገጽ አብራሩ። ቀኖቹንም ፈትሹ፦ የትምህርት ማስረጃ ላይ በእኛ አቆጣጠር 2005 የተጻፈው እዚህ 2012 ወይም 2013 ነው፤ እንዳለ ከተገለበጠ ከእውነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድማችሁ የተመረቃችሁ ያስመስላል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን የፈቃድ ማረጋገጫ ደግሞ ቃለ መጠይቅ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ክፍሉ ያለ እናንተ ይጀምራል።